ምጣዱ የት ይጣዳል?

በልደታ፣ በዋናው መንገድ ዳር፣ አዲስ ሕንፃ ሊሠራበት በቆርቆሮ የታጠረ አንድ ቦታ አለ። በአጥሩ ላይ ሕንፃው ተሠርቶ ሲያልቅ የሚኖረው መልክ በትልቁ ተሥሎ ተለጥፏል። መስተዋት ለብሶ ወደ ላይ የተመዘዘ ፎቅ፣ ከሥሩ በእኩል ርቀት የቆሙ ዛፎች፣ በዛፎቹ መካከል እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው የሚንሸራሸሩ ቀጫጭን ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመስከረም እንኳ በአዲስ አበባ ላይ ታይቶ የማያውቅ ሰማያዊ ሰማይ። ባለፈው ጥቅምት በዚያ ሳልፍ ዘንቢል ያንጠለጠሉ አንዲት አሮጊት ከሥዕሉ ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ መረመሩት። ከዚያም ወደ ዘበኛው ዞር ብለው «ልጄ፣ በርበሬ የሚሰጣው የቱ ጋ ነው?» ሲሉ ጠየቁት። ዘበኛው ፈገግ ብሎ «እማማ፣ ይኼ እኮ ሥዕል ነው» አላቸው። አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካክለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዘበኛው ጋር አይደለም፤ እርሱ የተቀጠረው አጥሩን ሊጠብቅ ነው። ጠቡ ሥዕሉን ከሣሉትና ካሣሉት ጋር ነው፤ ከእነርሱም ይልቅ ሥዕሉን ለእነርሱ ብቻ ትተን እጃችንን አጣጥፈን ከተቀመጥነው ከእኛ ከደራስያንና ከሠዓልያን ጋር ነው። መጪውን ዘመን እናሳያችኋለን የሚሉን ሥዕሎች፣ ዕቅዶችና ንግግሮች ሁሉ ሰው የሚኖርበትን ዕቃ እንጂ የሰውን ኑሮ አያሳዩም። አሮጊቷ የጠየቁት ግን ስለ ኑሮ ነው። ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ በዚህች ምድር ላይ የሚኖረው ሰው ጠዋት ሲነሣ ምን ያደርጋል? እንጀራውን ማን ይጋግርለታል? ሲሞትስ ማን ይሸከመዋል? ይህን ለመመለስ የማይሞክር ራእይ፣ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ የሕንፃ ማስታወቂያ ነው።

ልደታ ለመጪው ዘመን እንግዳ አይደለችም። መጪው ዘመን በየጊዜው ሲመጣ የሚያርፈው እዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ «ማረፍ» የሚለውም ቃል በቀጥታ ትርጉሙ ጭምር ይሠራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በረራ ሲጀምር የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ የልደታ ሜዳ ነበር። በ1950ዎቹ ቦይንግ 720 የተባሉት ጄቶች ሲመጡ ሜዳው አልበቃቸውም፤ መጪው ዘመን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቦሌ ሄደ፤ ለአካባቢው የቀረለት «ኦልድ ኤርፖርት» የሚል ስም ነው። በ1940ዎቹ ከስዊድን መንግሥት ጋር በመተባበር የተቋቋመውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሕንፃ ኮሌጅም የተተከለው እዚሁ ነው። በ2002 ዓ.ም. ግድም 26 ሄክታር ያህል ይሸፍን የነበረው የጭቃና የቆርቆሮ መንደር ተነሥቶ በቦታው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆሙ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ደግሞ ቀላል ባቡሩ ሥራ ጀመረ፤ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር። ከሰሜንና ከምዕራብ የሚመጡት ሁለቱ መስመሮች ተጣምረው ወደ ስታዲየም የሚዘልቁት ከልደታ ጀምሮ ነው።

እነዚህ ሁሉ ሲመጡ በሥዕል ቀድመው መጥተዋል። በባቡሩ ሥዕል ላይ ግን መለዋወጫ አልተሣለም፤ በተከታዮቹ ዓመታት ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ ዕጦት ሲቆሙ ተሳፋሪው እንደ ወትሮው ለታክሲ ተሰለፈ። በሕንፃዎቹም ሥዕል ላይ ጭስ የሚወጣው ወጥ ቤት አልተሣለም። መጪው ዘመን ወደ ልደታ በመጣ ቁጥር መሣሪያው አስቀድሞ ይደርሳል፤ ሰው ከነጓዙ፣ ከነምጣዱ፣ ከነሐዘኑ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚፈልገው ከዚያ በኋላ ነው።

«ምጣድና በርበሬ ምን ቁም ነገር ሆነው ነው? የከተማ ዕጣ የሚወሰነው በትልልቅ ጉዳይ ነው» የሚል አንባቢ ቢኖር ወደ ከተማይቱ ታሪክ እንዲመለስ እጋብዘዋለሁ። አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓመታት አዲስ አበባን ትተው ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ተነሥተው ቤተ መንግሥትም ማሠራት ጀምረው ነበር። ምክንያቱ ጦርነት ወይም ወረርሽኝ አልነበረም። በዙሪያዋ ያለው ደን ለምድጃና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ የሚነድ ዕንጨት ጠፍቶ ነው። ዋና ከተማችንን ከመሰደድ ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው፤ አዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የሀገር ዋና ከተማ የት ትሁን የሚለውን ጥያቄ የወሰነው ምድጃ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ አርቆ አሳቢ ሠዓሊ የአዲስ አበባን መጪ ዘመን ይሣል ቢባል ኖሮ የቤተ መንግሥቱን ግንብ ሳይሆን በእንጦጦ ቁልቁለት ዕንጨት ተሸክማ የምትወርደውን ሴት መሣል ነበረበት። ያችን ሴት እስከ ዛሬ ድረስ ስንቶቻችን ሣልናት? ከሣልናትም ያለፈ ዘመን ምስኪን አድርገን እንጂ የከተማው ዕጣ በጀርባዋ ላይ እንዳለ አድርገን አይደለም።

ወደ ወጥ ቤቱ እንግባ። የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ ሲጀመር ዕቅድ አውጪዎቹ ስለ ኑሯችን ጭራሽ አላሰቡም ማለት ግፍ ይሆናል። አስበዋል። በየሕንፃው መካከል እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት የጋራ መጠቀሚያ ቤት እንዲሠራ በንድፉ ውስጥ አግብተዋል። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሐሳቡ በንድፍ ውስጥ እንጂ በምናባችን ውስጥ ሥር አልሰደደም። ከዚህ የተነሣ ብዙዎቹ የጋራ ቤቶች ውለው ሳያድሩ ሱቅ፣ መጋዘን ወይም መዋዕለ ሕፃናት ሆነው ተከራዩ፤ ምጣዱ ግን ወደ በረንዳ ወጣ። ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ምጣዱ ከነአክንባሎው፣ የሊጡ ባልዲ፣ ሰፌዱና መሶቡ አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ወጥ ቤት የተባለው ቦታ ሰው አያስቆምም። ስለዚህ እመቤቲቱ በረንዳ ላይ ትጋግራለች፤ ጭሱና እንፋሎቱ ወደ ላይኛው ቤት ይገባል፤ የላይኛው ጎረቤት ይቆጣል፤ የታችኛዋ ትመልሳለች። በሥዕሉ ላይ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው የሚንሸራሸሩት ሰዎች ይህን ጠብ ሰምተውት አያውቁም።

ጉዳዩ የቦታ ጥበት ብቻ አይደለም፤ ሒሳብም አለበት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ተርባይኖቹ በሙሉ ኃይላቸው ቢሠሩ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይስባል። አካፍሎ ማየት ነው፤ ግድቡ ሌላ ሥራ ባይኖረው አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ምጣድ በአንድ ጊዜ ያስጋግራል። የሕዝባችን ቁጥር ግን ከመቶ ሚሊዮን ካለፈ ቆይቷል። እንግዲህ የሀገሪቱ ቤተሰብ ሁሉ እንደ ከተማ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ልጋግር ቢል ምን ይሆናል? በየተራ ሊጋገር ነው? እንጀራ በየሰፈሩ በአንድ ትልቅ ጋጋሪ ተጋግሮ በየቤቱ ሊታደል ነው? ወይስ ምጣዱ ራሱ ተለውጦ በጥቂት ኃይል የሚሰማ ሊሆን ነው? አንዱ መልስ ሰፈርን ያገናኛል፤ ሌላው ጎረቤትን ከጎረቤት ይቆልፋል። አብሲት የሚጣልበት ሰዓት፣ እርሾ ከጎረቤት የመበደር ልማድ፣ ልጅ ከምጣድ ሥር ትኩስ እንጀራ የሚሻማበት ጠዋት፤ እነዚህ ሁሉ በዚያ ምርጫ ውስጥ አሉ። ይህን መሐንዲስ ብቻውን ይወስን ዘንድ መተው ለመሐንዲሱም ከባድ ሸክም ነው።

ስለ ሞትም እንናገር፤ የመጪው ዘመን ሥዕሎች ከሁሉ አብልጠው የሚሸሹት እርሱን ነውና። ከሰፈራችን በማይርቅ አንድ ሕንፃ ላይ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቀስተኛ ሆኜ ሄጄ ነበር። ሟች የነበሩት አራተኛ ፎቅ ነው። የሬሳ ሣጥኑ በደረጃው መታጠፊያ ላይ አልዞር ብሎ አራት ጎልማሶች አጋድመው፣ አቁመው፣ መልሰው ወደ ላይ ገፍተው፣ ላብ በላብ ሆነው ሲታገሉ አየሁ። የሟች እኅት ከላይ «ቀስ ብላችሁ፣ ራሱን እንዳትመቱት!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ከታች ደግሞ የዕድሩ ድንኳን የተተከለው መኪና በሚቆምበት ቦታ ስለ ነበር አንድ ባለ መኪና ጥሩምባ እየነፋ ይወጣ ዘንድ መንገድ ይጠይቃል። ደረጃውን የነደፈው ሰው ጨካኝ አይደለም። ሲነድፈው ያየው የሚወጣና የሚወርድ ሕያው ሰው ብቻ ነበር።

«ዕድርና ድንኳን የገጠር ቅሪት ነው፤ ኅብረተሰቡ ሲያድግ ይጠፋል» የሚሉ ምሁራን አሉ። ለእነርሱ አንድ ነገር ላስታውስ። ዕድር ከጥንት የወረስነው ይመስለናል እንጂ ዕድሜው ከአዲስ አበባ ዕድሜ ብዙም አይበልጥም። ከየገጠሩ ተነቅሎ ወደ ከተማ የመጣ፣ ዘመድ አጠገቡ የሌለው ሰው «ስሞት ማን ይቀብረኛል?» ብሎ ለራሱ የፈጠረው የከተማ ማኅበር ነው። እስቲ ይህ ምን ይባላል? ማንም ባለሥልጣን ሳያዝዘው፣ ማንም ኮሌጅ ሳያስተምረው፣ ሰፊው ሕዝብ ስለ መጪው ዘመን ኑሮው አስቦ፣ መዋጮውን ተምኖ፣ ድንኳኑን ገዝቶ፣ ብረት ድስቱን ቆጥሮ ያቆመው የምናብ ሥራ ነው። የልደታ መንደር በተነሣ ጊዜ ነዋሪው ወደየአቅጣጫው ሲበተን ከቤቱ ግድግዳ ይልቅ ያሳዘነው የዕድሩ መበተን እንደ ነበረ ያነጋገርኳቸው ሁሉ ነግረውኛል። ካሣ የሚሰላበት ቅጽ ላይ ለግድግዳ መደብ አለ፤ ለዕድር የለም።

ከመሣሪያና ከሞት መካከል ደግሞ አንዲት ሰው አለች፤ ስለ እርሷ ማንም አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ የተከፈተውን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ምክንያት በማድረግ ዣን ማርክ ኮቴ የተባለው ሠዓሊና ጓደኞቹ የ2000ን ዓመት ኑሮ የሚያሳዩ ትንንሽ ሥዕሎች ሠርተው ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በክንፍ ይበራሉ፤ ሰው በባሕር ሥር ይጋልባል። ከሥዕሎቹ መካከል በአንዱ ላይ ወለል የሚወለውል የኤሌክትሪክ መሣሪያ አለ። መሣሪያውን የያዘችው ማን ናት? ሽርጥ የታጠቀች የቤት ሠራተኛ! ሠዓሊው ለእሳት አደጋ ሠራተኛው ክንፍ ሲያበቅልለት ለእርሷ የዕረፍት ቀን መስጠት አልታየውም። መቶ ዓመት ወደፊት ሲያስብ ዕቃው ሁሉ ተለወጠለት፤ ማን ማንን እንደሚያገለግል ግን ከቶ አልተለወጠለትም።

በፈረንሳዊው መሳቅ ቀላል ነው። በእኛስ? በልደታም ሆነ በቦሌ ብዙ ቤት ውስጥ ከሁሉ ቀድማ የምትነሣውና ከሁሉ ኋላ የምትተኛው ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪዋ ጋር ስለምትኖር ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች አሉት፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጪ አድርጎ ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲታይ ትቶታል። ሕጉ ስለ ነገዋ ያላሰበላትን ሴት ደራሲው ቢያስብላት ምን ይከብደው ነበር? ልብ ወለዶቻችን ውስጥ ትገባለች፤ ቡና ታቀርባለች፤ ትወጣለች። የመጪው ዘመን ኑሮ ማለት ግን ዋናው ነገር እርሷ ናት፤ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ እርሷ አለች ወይስ የለችም? ከሌለች ሥራዋን የወሰደው ማን ነው? መኪና ነው? ባልዬው ነው? ወይስ ከሌላ ድሃ ሀገር የመጣች ሌላ ልጅ ናት? ይህን ያልወሰነ ደራሲ ስለ ሩቁ ዘመን አንድ ምዕራፍ መጻፍ አይችልም፤ ምናልባት የማንጽፈውም ስለዚህ ይሆናል።

አለመጻፋችንን ወጋችን ያለበሰው አንድ ሰበብ ነው። አንዳች ነውር በታየ ቁጥር «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» እንላለን። በዚህ አነጋገር መጪው ዘመን የሚታሰበው እየከፋ የሚሄድ፣ ልጅ አባቱን የማያከብርበት፣ በረከት የሚነሣበት ሆኖ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው ዘመን 5,500 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓ.ም.፣ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን መጀመሪያ ነው፤ የሚያልቀው ደግሞ በ2500 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «ደረሰ» እያልን የምንፈራው ዘመን ውስጥ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ኖረናል፤ ወልደናል፣ ድረናል፣ ቀብረናል። የቀረውም ዘመን አንድ ሰው በእጁ ጣት ሊቆጥረው የማይችል ብዙ ትውልድ ነው። ስለ እነዚህ ትውልዶች የምናውቀው ነገር ቢኖር ክፉ መሆናቸው ብቻ ነው!

አባቶቻችን እንዲህ ስንፈተኞች አልነበሩም። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም የመረጡት ፍካሬ ኢየሱስ ሰላምና ጥጋብ ያመጣል ብሎ የተናገረለት ንጉሥ ስም ስለ ነበረ ነው። ትንቢትን እንደ ሥራ ዕቅድ አንብበውታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተሙ። ስለ አዲስ ዓለም ልጽፍ ነው ብለው ሲነሡ የጻፉት ስለ አውሮፕላን ወይም ስለ ባቡር አይደለም። ፈረንሳይ አገር ተምሮ የተመለሰ አወቀ የሚባል ወጣት ስለ ተዝካርና ስለ ሠርግ ድግስ ከዘመዶቹ ጋር የሚያደርገውን ክርክር ነው። የሞተ አባት እንዴት ይታሰብ? ሙሽራ እንዴት ይዳር? በእኔ አስተያየት ኅሩይ የዘመናዊውን ኑሮ በር ያገኙት እዚያ ላይ ነው፤ ሐሳባቸው ሁሉ ባያስማማንም በትክክለኛው በር አንኳኩተዋል። እኛ ከዚያ በር ዘወር ብለን ሄደናል።

ለፍርድ ያህል የተሠራውንም መጥቀስ ያስፈልጋል። እጅግ የተከበሩ አፈወርቅ ተክሌ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ በባለ ቀለም መስተዋት የሠሩት ትልቅ ሥዕል ሦስተኛው ክፍል ወደ መጪው ዘመን ይመለከታል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የመጡት ሠዓልያን ያን መስኮት ሲያደንቁ ኖሩ እንጂ በመስኮቱ አልፈው አልገቡም። በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሲወጣ ወጣቱ እየተሻማ አነበበው፤ ይህም አንባቢው ምን ያህል እንደ ተራበ ያሳያል፤ መጽሐፉ ያቀረበለት ግን ምስጢርና መሣሪያ እንጂ የዕለት ኑሮ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2015 «ክራምስ» የተሰኘ፣ ዓለም ከጠፋች በኋላ ያለውን ዘመን የሚያሳይ ፊልም በኢትዮጵያ ምድር፣ በኢትዮጵያውያን ተዋንያን ተሠራ፤ አዘጋጁ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው። ሩቁ ዘመናችንን እንኳ ሌላ ሰው መጥቶ ቀረጸልን ማለት ነው፤ ምስጋና ይገባዋል፤ እኛ ግን ልናፍር ይገባል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ይህ ነው። በጥር 2006 ዓ.ም. በባሕር ዳር በተደረገ የአፍሪካ ኅብረት ሚኒስትሮች ስብሰባ ላይ የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር የነበሩት ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ እ.ኤ.አ. በ2063 የተጻፈ አስመስለው ያዘጋጁትን ደብዳቤ አቀረቡ። በደብዳቤው ውስጥ የአህጉሪቱን ዋና ከተሞች የሚያያይዝ ፈጣን ባቡር አለ፤ ተባብሮ የቆመ አህጉር አለ። ይህ ሐሳብ በተከታዩ ዓመት አጀንዳ 2063 ተብሎ ከጸደቀው ሰነድ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው፤ ሰነዱን የሚያስተዳድረውም ድርጅት ከልደታ ብዙም በማይርቅ፣ ቀድሞ «ዓለም በቃኝ» የተባለው ወህኒ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ረጅም ሕንፃ ሠርቶ ይኖራል። «ዓለም በቃኝ» በተባለ ቦታ ላይ የሚመጣው ዓለም ሲታቀድ ማየት በራሱ አንድ ድራማ ይወጣዋል፤ የጻፈው ግን የለም። የደብዳቤው ዓይን በአብዛኛው በመንግሥታት ላይ ነው፤ ሆኖም አንዲት የፖለቲካ ሰው፣ በጣና ዳር ቁጭ ብላ፣ የሥነ ጽሑፍን መሣሪያ አንሥታ ስለ ሩቁ ዘመን ስትጽፍ ደራሲ ነን የምንለው ከአዳራሹ ውጭ ምን እንሠራ ነበር?

«ሕዝቡ ዛሬ ተርቦ፣ የዛሬው ጤፍ ዋጋ አልቀመስ ብሎ ሳለ፣ ስለ 2500 ዓ.ም. መጻፍ ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። ተቃውሞው ቅን ልብ ካለው ሰው የሚመጣ ስለ ሆነ አላቃልለውም። ግን ስለ ሩቁ ዘመን የሚያስቡት ሌሎቹ የእኛን ሆድ መሙላት ጠብቀው አልቆሙም፤ ሥዕሉ አጥሩ ላይ ተለጥፏል። እርሱን እያዩ ቆርቆሮውን ያቆማሉ፤ እርሱን እያዩ መሬቱን ይለካሉ። ዛሬ በሥዕሉ ላይ ያልነበረ ምጣድ ነገ በሕንፃው ውስጥ ቦታ አያገኝም፤ ለዛሬው ረሃብተኛም ቢሆን እንጀራው የሚጋገርበት ቦታ የዛሬ ጉዳይ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ይፈትነኛል። ልማድ ይለወጣል፤ ምናልባት በ2500 ዓ.ም. እንጀራ የሚበላ አይኖርም፤ በርበሬም አይሰጣም፤ ድንኳንም አይተከልም፤ ታዲያ ደራሲው የሚሟገተው ለምንድን ነው? መልሴ ይህ ነው። እኔ ምጣዱ ለዘለዓለም ይኑር አላልኩም። ኅሩይም ተዝካሩ እንዳለ ይቆይ አላሉም፤ እንዲያውም ድግሱ እንዲቀንስ ሽተዋል። ልዩነቱ እርሳቸው ለውጡን በአደባባይ፣ በሰዎች አፍ አከራክረው፣ የሚጎዳውንና የሚጠቀመውን ስም ሰጥተው ነው የጻፉት። በአጥሩ ላይ ያለው ሥዕል ግን ልማድን የሚሽረው በዝምታ ነው። በርበሬ ማስጣት ክልክል ነው ብሎ አይጽፍም፤ ማስጫውን ሳይሥል ያልፋል። አሮጊቷ ቢከለከሉ ይከራከሩ ነበር፤ ስላልተሣሉ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ስለዚህ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የሕንፃ ኮሌጁ ተማሪዎች የሚነድፉትን መኖሪያ ቤት፣ ከመምህራኑ ጋር፣ አንድ ደራሲና አንዲት እንጀራ ጋጋሪ አብረው ይመርምሩት። የሥዕል ትምህርት ቤቱ ተመራቂዎች መጪውን ዘመን ሣሉ ቢባሉ ከሕንፃው ደጃፍ ሳይቀሩ ወደ ወጥ ቤቱ ይግቡ። ይህ መጽሔትም በእያንዳንዱ ዕትሙ ስለ ሩቁ ዘመን የዕለት ኑሮ አንድ አጭር ልብ ወለድ ያውጣ፤ ጦርነትና መንኰራኩር የሌለበት፣ አንድ ቤተሰብ ጠዋት ተነሥቶ ማታ እስኪተኛ ያለው ብቻ።

ሌላውን እየወቀስኩ ራሴን ነፃ እንዳላወጣ እኔም ሞክሬያለሁ። መስከረም 1 ቀን 2500 ዓ.ም. በልደታ የምትነሣ አንዲት ሴት ላይ አንድ ታሪክ ጀመርኩ። የምትኖርበትን ሕንፃ ለመሥራት ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም፤ አርባ ፎቅ አድርጌ ሠራሁት። መብራቱን፣ ባቡሩን፣ ሰማዩን በአንድ ገጽ ጨረስኩ። እንጀራዋን ጎረቤቶቿ በየሳምንቱ በሚገናኙበት ጣራ ላይ እንድትጋግር ወሰንኩ፤ በርበሬውም እዚያው ይሰጣል። የቤት ሠራተኛዋን ከቤቱ አስወጣኋት፤ ልጅ ማሳደጉን ለማን እንደምሰጠው ግን ሦስት ሌሊት አስቤ ለአባትየው ሰጠሁት፤ እርሱም እያጉረመረመ ተቀብሎኛል። የተቸገርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ አዲስ ዓመት ዋዜማ የሴትዮዋ እናት አርባኛው ፎቅ ላይ ዐርፈዋል፤ ለቀስተኛው ከታች መሰብሰብ ጀምሯል፤ እንዴት አድርጌ እንደማወርዳቸው እስካሁን አላገኘሁም።